የመጨረሻዋ ጊታር

ጊታር ወዳድ ሦስት ዓይነት ነው፤ የሚጫወት፣ የሚያወራና የሚገዛ። የሚጫወተው ጊዜ ስለሌለው አያወራም፤ ገንዘብ ስለሌለው አይገዛም። የሚያወራው ስለ እንጨት ዓይነትና ስለ ክር ውፍረት ሲያስረዳ ቡናው ይቀዘቅዛል እንጂ ጣቱ ክር አይነካም። የሚገዛው ግን የሁለቱም ገባር ነው፤ የሚያወራውን ሰምቶ ይገዛል፤ የሚጫወተውን አይቶ ይቀናል፤ ቀንቶም እንደገና ይገዛል። እኔ ከገዢዎቹ ወገን ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ገዛ ወገኔ ነውና ሐሜት የመሰላችሁ ነገር ቢኖር የቤተ ዘመድ ጨዋታ ነው ብላችሁ እለፉት።

የእኛ ወገን መሐላ አንድ ብቻ ነው፤ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት።» ባለትዳሩ ለሚስቱ ይምላል፤ ያላገባው ለእናቱ፤ ብቻውን የሚኖረው ደግሞ ለደመወዙ። በሚምልበት ሰዓት ከልቡ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከምክንያት ነው፤ ጊታር ገዢ ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፤ ምክንያት ግን አጥቶ አያውቅም። የመጀመሪያዋ ጊታር የመማሪያ ስለሆነች ርካሽ መሆን አለባት። ርካሽ ስለሆነች ቅኝት አትይዝም፤ ቅኝት ስለማትይዝ ትምህርቱ አይገባም፤ ትምህርቱ እንዲገባ ደህና ጊታር ያስፈልጋል። ደህናዋ ስትመጣ ቦክስ ጊታር ሆና ትገኛለች፤ ሊድ መጫወት የሚያምረው ሰው ደግሞ በቦክስ ጊታር ምን ይሠራል? ኤሌክትሪኳ ትገዛለች። ኤሌክትሪኳ ያለ አምፕሊፋየር ዲዳ ናት፤ አምፕሊፋየር ይገዛል። አምፕሊፋየሩ ያለ ፔዳል ደረቅ ነው፤ ፔዳል ይገዛል። ሁሉም ተሟልቶ፣ ገመዱ ሁሉ ተሰክቶ፣ ቤተሰቡ በር ዘግቶ ሲያበቃ መብራት ይጠፋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰውየው ምን ያስባል? «መብራት የማትፈልግ አንዲት ጥሩ ቦክስ ጊታር ብትኖረኝ!» አንዲት አለችው እኮ፤ እሷ ግን ያኔ ደህና የተባለችው ናት፤ ዛሬ ደህና ማለት ሌላ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር መግዛት ከመጫወት የማያንስ ችሎታ ይጠይቃል። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ስትገቡ፣ ፒያሳም ይሁን መርካቶ፣ ጊታሮቹ ከኪቦርዱ፣ ከድምፅ ማጉያውና ከክራሩ በላይ ተሰቅለው ቁልቁል ያዩዋችኋል። «ኦርጅናል ናት ጋሼ፤ ትናንት ነው የገባችው» ይላል ባለሱቁ። ትናንት የገባችው ጊታር ትከሻ ላይ የከረመ አቧራ አለ። ጭንቅላቷ ላይ የታወቀ የአሜሪካ ስም ተጽፏል፤ ስሙ ግን አንድ ፊደል ጎድሎታል። ይህን ብትጠቁሙት ልጁ ሳይደነግጥ «እሱ የድሮው ሞዴል ነው» ይላችኋል። «ጋሼ» መባላችሁንም ልብ በሉ፤ አክብሮቱ ዋጋው ውስጥ ገብቷል።

እያንዳንዱ ገዢ ለሱቅ ብቻ ያዘጋጃት ዜማ አለችው። አብዛኛውን ጊዜ የትዝታ መግቢያ ናት፤ ፈረንጅኛ የሚያምረው ደግሞ «ሆቴል ካሊፎርኒያ»ን ይሞክራል። ዜማዋ ግማሽ ደቂቃ ትቆያለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ስለማያውቀው «አንገቷ ጥሩ ነው» ብሎ ያቆማል። ያኔ ባለሱቁ «እስቲ አንዴ» ብሎ ይቀበለዋል። እግሩን ሳጥን ላይ ያስቀምጥና ሳይጨነቅ፣ ደንበኛ እያናገረ፣ ጊታሯን እንዲያ ያስዘፍናታል! ዘበኛው ከበር ላይ አንገቱን ያስገባል፤ መንገደኛው ይቆማል። ገዢውም ልቡ ይቀልጥና ኪሱ ይገባል። ከፍሎ፣ አስጠቅልሎ፣ ታክሲ ተኮናትሮ ቤቱ ሲደርስና ከከረጢቷ ሲያወጣት ግን ያ ድምፅ የለም። ጊታሯን ገዝቷል፤ የልጁ ጣት ግን ሱቅ ውስጥ ቀርቷል። የእኛ ወገን የሕይወት ታሪክ በሙሉ በዚህች ግብይት ውስጥ አለ። ጣት ስለማይሸጥ እንጨት እንገዛለን።

ያገለገለች ጊታር ለሚገዛ ሰው ከዜማ ይልቅ ዓይን ይበጀዋል። በጭንቅላቷ በኩል ያዟትና አንገቷን እስከ ሆዷ ድረስ በአንድ ዓይን ተመልከቱ፤ ከተጣመመ ይታያል። ክሮቹን የያዘው ድልድይ ከሆዷ መላቀቅ ጀምሮ እንደሆነ በወረቀት ጫፍ ፈትሹ፤ ወረቀቱ ከሥሩ ከገባ እናንተ ከሱቁ ውጡ። ቀጥሎ አንገቷን ከሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከፍሬቶቹ፣ 12ኛው ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ምቱት፤ ከዚያም እዚያው ላይ ተጭናችሁ ምቱት። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሚውል ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ያቺ ጊታር አንገቷ ጫፍ ላይ እውነት ተናግራ ሆዷ አጠገብ የምትዋሽ ናት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቀለሟ ከማረከኝ ግን ወረቀቱንም 12ኛውንም እረሳለሁ።

በቴሌግራም የምትሸጠዋ ጊታር ደግሞ የራሷ ወግ አላት። ፎቶዋን አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ላይ ተኝታ ትነሣለች። ከሥሯ «ስላሽ ናት፤ ብዙም አልተነካችም፤ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ይጻፋል። አልተነካችም የሚለው ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። ያልተነካችውም ባለቤቷ ኤፍ ኮርድ ላይ ስለደረሰ ነው። ላልሞከራችሁት ላስረዳ፦ ጀማሪ ኢ ማይነርንና ኤ ማይነርን በሁለት በሦስት ጣት ይዞ ዓለም ቀላል መስላ ትታየዋለች። ኤፍ ሲመጣ ግን ሌባ ጣቱን አንደኛው ፍሬት ላይ አጋድሞ ስድስቱንም ክር ባንዴ እንዲጫን ይታዘዛል፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ ሥራ አላቸው። ከስድስቱ ክር ሁለቱ ይጮኻሉ፤ ሁለቱ ይንጣጣሉ፤ ሁለቱ አይሰሙም። የጣቱ ጫፍ ያብጣል፤ አንጓው ያማል፤ ሰውየውም ሥራ እንደበዛበት ትዝ ይለዋል። የጊታር አምራቹ ፌንደር ኩባንያ ኃላፊዎች በአንድ ወቅት እንደተናገሩት ጊታር ከሚጀምሩ 10 ሰዎች 9ኙ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይተዉታል። እኛ ገዢዎች ይህን ስንሰማ አናዝንም። የዘጠኙ ጊታር ለሽያጭ ቀረበ ማለት ነዋ!

እዚህ የጠፋ ዕቃ ከአሜሪካ ይመጣል፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ ደግሞ ከሻንጣው ጋር ነው የሚታሰበው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። ያቺ ኮታ ሰውየው ትኬት ሳይቆርጥ ተከፋፍላ ያለቀች ናት፤ ቫይታሚኑ የአያት ነው፤ ጫማው የእህት፤ ስልኩ የታናሽ ወንድም፤ የሕፃን ልብሱ ገና ላልተወለደ ልጅ ነው። እዚህ መሃል አንድ ሜትር የሚሆን፣ ቀጭን አንገት ያለው፣ የማይታጠፍ፣ ምንም የማይጫንበት ዕቃ ላክልኝ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ጉዳዩን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

«አንተ ልጅ፣ እዚያ ክራር ጠፋ?» አለችኝ።

«አልጠፋም እትዬ። ይቺ ግን የተለየች ናት።»

«ካለፈችው በምንድን ነው የምትለየው?»

«በእንጨቷ።»

«እንጨት ከዚህ ላምጣልህ? አገሩ ሁሉ እንጨት አይደለም እንዴ?»

አመጣችልኝ፤ እግዜር ይስጣት። ቦሌ ስቀበላት ግን ጊታሯን በአንድ እጇ፣ ፊቷን በሌላ አቅጣጫ አድርጋ ነበር። እስካሁንም ዘመድ በተሰበሰበበት ቦታ ያላመጣቻቸው ጫማዎች ሁሉ በኔ ስም ይጠራሉ።

ስለ እንጨት ከተነሣ የሚያወራውን ወዳጃችንን እዚህ ላይ ማስገባት ግድ ነው። እሱ ጊታርን በድምፅዋ ሳይሆን በዘር ሐረጓ ነው የሚያውቃት። ሆዷ ስፕሩስ፣ ጎኗ ሮዝውድ፣ አንገቷ ማሆጋኒ ካልሆነ ሰላምታም አይሰጣት። አንድ ቀን ስለኛው ዋንዛ ሲያስረዳ ዋለ፤ ለከበሮና ለበገና የሚሆን እንጨት ለጊታር እንዴት ሳይታሰብ ቀረ ብሎ አገሩን ወቀሰ። የሚያወራው ውሸት አይደለም፤ እንጨት ለውጥ አለው። ግን የዘመናዊውን የክላሲካል ጊታር ቅርጽ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጎንና ጀርባዋን ከወረቀት ካርቶን የሠራት ጊታር ነበረች። የድምፁ ምሥጢር በአብዛኛው ከፊት ያለው ስስ ሳንቃ መሆኑን ሊያሳይ ብሎ ነው እንዲያ ያደረገው። የኩዊን ባንዱ ብራያን ሜይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ገና ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ሆኖ ጊታሩን መሥራት ጀመረ። የአንገቷ እንጨት ከአሮጌ የቤት ማሞቂያ ምድጃ ላይ የተነቀለ ነው። በዚያችው ጊታር ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ሲያስጨፍር ኖሯል። ይህን ለወዳጃችን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ምድጃው የምን እንጨት ነበር?» አለኝ።

ለእኛ ለገዢዎች ትልቁ መጽናኛ ግን ሊዮ ፌንደር ነው። ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ውስጥ ሬድዮ ይጠግን የነበረ ሰው ነው። በኋላ ቴሌካስተር የተባለችውን ጠፍጣፋ ኤሌክትሪክ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1950፣ ስትራቶካስተርን ደግሞ በ1954 ለገበያ አቀረበ። የዓለምን ሙዚቃ የለወጡት እነዚህ ጊታሮች ሲወጡም ሆነ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊዮ ጊታር መጫወት አልተማረም። ቤት ውስጥ «ሳትጫወት ምን ያደርግልሃል?» የሚል ጥያቄ በመጣ ቁጥር የሱን ስም እጠራለሁ። ባለቤቴ ግን መልስ አላጣችም፤ «እሱ ሸጠ፤ አንተ ነህ የገዛኸው» አለችኝ።

ባለቤቴን ካነሣሁ አይቀር የቤቱን ፖለቲካም ልናገር። ጊታር ተደብቆ ለመግባት የተመቸ ዕቃ ነው፤ ለማያውቅ ዓይን ሁሉም አንድ መልክ አላቸውና። አዲሷ ስትገባ አሮጌዋ ከረጢቷ ውስጥ ትገባለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር አይለወጥም። «ይቺ አዲስ ናት?» ለሚል ጥያቄ «ክሯን ቀይሬላት ነው» ማለት ለብዙ ጊዜ ሠርቷል። እሷ ግን ጊታሮቹን መቁጠር ትታ ባዶ ከረጢቶችን መቁጠር ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ኮንትሮባንድ ቆሟል። የሰጠችው ፍርድም ይግባኝ የለውም፦ «ጊታሩ ይለዋወጣል እንጂ ዘፈኑ ያው ነው።»

የከፋው የመጣው ከአከራያችን ነው። እማማ በአዝማሪ ጨዋታ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ማሲንቆ ሲሰሙ እንባቸው ቅርብ ነው። አንድ እሑድ ስለማመድ በረንዳው ላይ ቆመው ሰሙኝና ገቡ።

«ልጄ፣ ይቺ ስንት ክር አላት?»

«ስድስት ናት እማማ።»

«እነዚያ የተሰቀሉትስ?»

«እነሱም ስድስት ስድስት።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አዝማሪው በአንዲት የፈረስ ጭራ አገር ያስለቅሳል። አንተ ይህን ሁሉ ይዘህ ምን ጎደለህ?»

ይህን ጥያቄ እስካሁን የመለሰልኝ የሙዚቃ መጽሐፍ የለም። እውነታቸውን ነው። ማሲንቆ አንድ ክር፣ አንድ ደጋን፣ በቆዳ የተለበጠ አንድ ሳጥን ነው፤ የቀረው ሰውየው ነው። ክራር አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ያልበለጠ ክር አለው፤ አስናቀች ወርቁና ካሳ ተሰማ በሱ ስማቸውን ተከሉ። በገና አሥር ጅማት አለው፤ የሚቀመጠው ግን ለማሳየት ሳይሆን ለመጸለይ ነው። እኛ ገዢዎች ግን ክር በመቁጠር ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ኦርኬስትራ ነበርን።

ጊታርና የኛ ዜማ ሲገናኙም መጠነኛ ክርክር አላቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ናቸው። ሜጀሩ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ ለጀማሪ ጣት ደግ ነው፤ የአገሩ ጊታር ተማሪ ብዙውን ጊዜ በሱ የሚጀምረውም ለዚህ ይመስለኛል። አንቺ ሆዬ ላይ ሲደረስ ግን ጣትም ጆሮም ይቸገራሉ። ጊታር ኦክታቩን በፍሬት 12 እኩል ቦታ ከፍላ አጥራዋለች፤ ማሲንቆ አጥር የለውም፤ የአዝማሪው ጣት በሁለት ድምፆች መካከል እንደልቡ ይንሸራተታል። ጊታሪስቱ ያንን ልቅሶ ለማምጣት ክሩን ወደ ጎን ይስበዋል። ጀማሪው አብዝቶ ይስብና ክሩ ይበጠሳል። ክር ሊገዛ ሱቅ ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጊታር አለ።

ይህን ክርክር ያስታረቁ ሰዎች ግን አሉን። ከአይቤክስ ባንድ፣ ኋላም ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወተው ሰላም ሥዩም ጊታሩን ከዘፋኙ ጋር ተነጋጋሪ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አይቤክስ ያጀበውን የማሕሙድ አሕመድን «ኤረ መላ መላ» የሰማ ሰው ይህን ለማወቅ አዋቂ መሆን የለበትም። ግሩም መዝሙርም በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የቀደሙትን ዜማዎች በጊታር፣ በማንዶሊንና በክላርኔት አጅቦ አዲስ ልብስ አልብሷቸዋል። የእኛ ወገን እነዚህን ሰዎች መድረክ ላይ ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን መሰላችሁ? «ስንት ዓመት ተለማመደ?» አይደለም። «ጊታሩ የምን ስሪት ናት?» ነው።

የክርን ነገር በቀልድ ብቻ ማለፍ አይገባም፤ ጊታር የሚገድል ክር አለና። ድሮ የክላሲካል ጊታር ክር የሚሠራው ከእንስሳት አንጀት ነበር፤ የኛ በገናም በልማዱ እንዲሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቁስል መስፊያ ክር ስለተፈለገ ጠፋ። በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ የነበረው መሣሪያ ሠሪ አልበርት ኦገስቲን ለታላቁ ጊታሪስት ለአንድሬስ ሴጎቪያ የናይለን ክር አዘጋጀ፤ ናይለኑም በዚያው ቀረ። የናይለን ጊታርና የብረት ክር ጊታር ግን መልካቸው ቢቀራረብም አጥንታቸው ይለያያል። በቦክስ ጊታር ላይ የተወጠሩ ስድስት የብረት ክሮች በድምሩ ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታሉ፤ ናይለኖቹ የሚጎትቱት የዚያን እኩሌታ ገደማ ነው። በሰፈራችን አንድ ወጣት «ድምፅዋ ይጨምር» ብሎ የናይለኗ ላይ ብረት ወጠረባት። ድምፅዋ ጨመረ፤ ሌሊት ድልድይዋ ተነቅሎ ግድግዳውን ሲመታ ግቢው በሙሉ ሰማ። ስለዚህ ክር ከመግዛታችሁ በፊት ጊታራችሁ የየትኛው ወገን እንደሆነች ጠይቁ።

የአየሩም ነገር አለ። ከእውነተኛ እንጨት የተሠራች ጊታር ከ45 እስከ 55 በመቶ የሆነ የአየር እርጥበት ይስማማታል። የአዲስ አበባ በጋ ያደርቃታል፤ እንጨቱ ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ መዳፍ ይቧጥጣል፤ ሲብስም ሆዷ ይሰነጠቃል። ክረምቱ ደግሞ ያሳብጣታል። ስለዚህ አፍቃሪው የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ ከረጢቷ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጠዋትና ማታ ያነባል። ይህ ሰው የራሱን የደም ግፊት ለክቶ አያውቅም። ሐኪሞችም ሚስቶችም ይህን ልብ ብለዋል። ከመለኪያው የሚበልጠው መድኃኒት ግን ነፃ ነው። በየቀኑ የምትነሣ ጊታር ስትደርቅም ስትጣመምም ባለቤቷ ቶሎ ያውቃል፤ ቁም ሳጥን ላይ ያለችው ግን የተሰነጠቀችበትን ዓመት የሚነግርላት የለም።

ታላላቆቹ ጊታሪስቶች በዚህ ረገድ ያሳፍሩናል። ቢቢ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1949 አርካንሳስ ውስጥ ትዊስት በምትባል ቦታ ሲጫወት ሁለት ሰዎች በአንዲት ሴት ተጣሉ፤ የማሞቂያው ጋዝ ተደፍቶ ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ሁሉም ሲወጣ እሱ 30 ዶላር የምታወጣ ጊታሩን ብሎ ተመልሶ ገባ። ጸቡን ያስነሣችው ሴት ሉሲል እንደምትባል ሲሰማ እንዲያ ያለ ቂልነት እንዳይደግመው ጊታሩን ሉሲል አላት፤ ከዚያ በኋላ የያዛቸውንም ሁሉ በዚሁ ስም ጠራቸው። ዊሊ ኔልሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ትሪገር ከሚላት ከአንዲት የማርቲን ጊታር ጋር ኖሯል፤ የክር መምቻው ፒክ እየፋቀ ሆዷ ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ አውጥቶላታል። የሱም ቤት ተቃጥሎ ነበር፤ ገብቶ አውጥቷታል። ሁለቱም ወደ እሳቱ ሲገቡ የሚያወጧትን ያውቁ ነበር። የኔ ቤት ቢቃጠል የትኛዋን እንደማወጣ ስመርጥ ቤቱ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሮክ ሙዚቀኛው ከርት ኮቤይን የተጫወተባት አንዲት ማርቲን በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ይህ ወሬ ለእኛ ወገን ጎጂ ነው፤ «ጊታር ኢንቨስትመንት ነው» የሚሉ ሰዎችን አብዝቷልና። ስድስቱ ሚሊዮን የተከፈለው ለእንጨቱ ሳይሆን ለያዛት እጅ መሆኑን አይነግሩንም። ለኔ ከዚያ የሚበልጥብኝ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ያደረገው ነው። ከ120 የሚበልጡ ጊታሮቹን ኒው ዮርክ ላይ ለጨረታ አቀረበ፤ 21.5 ሚሊዮን ዶላር አወጡ፤ ገንዘቡንም ለአካባቢ ጥበቃ ለሚከራከር የሕግ ድርጅት ሰጠ። ጊታሮቹም ከሱ ቤት ወጥተው ወደ ሌላ እጅ ሄዱ። ገዢ ሆኖ የኖረ ሰው መልቀቅ እንደሚችልም በዚያ አወቅን።

እኛ አገር መልቀቅ ከዚያ የበለጠ ክብደት አለው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ውስጥ ያደጉት ሙዚቀኞች የሚይዙት መሣሪያ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። በኋላም ብዙ ጊታሪስት የወጣው ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመዝሙር ቡድን ነው፤ እዚያም ልጆቹ የሚለማመዱት በማኅበሩ ጊታር ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየተቀመጠ። ይህ ሙዚቃ እዚህ የደረሰው በራሱ ጊታር ብቻ በተጫወተ ሰው አይደለም። በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የለበሱትን ጊታሮች ቆጥሮ የሚያውቅ ባይኖርም፣ ወረፋ የሚጠብቁትን ልጆች ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

በዚህ በመልቀቅ ነገር እኔም ተፈትኛለሁ። ለእህቴ ልጅ አንዷን አዋስኩት። ኤፍን ያለ ብዙ ጣጣ አለፈው፤ አሁን አንቺ ሆዬን ሲጫወት እማማ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። ጊታሯም እኔ ጋ ሳለች ያልነበራትን ድምፅ አውጥታለች። መልስልኝ ማለት ስላሳፈረኝ ሌላ ገዛሁ፤ ባለቤቴም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጣችም። «እንዲህ ከሆነ ግዛ፤ አንዷ ስትገባ አንዷ ትውጣ» አለች። ከሁሉም የጊታር መሐላዎች ሊጠበቅ የሚችለው ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቁም ሳጥን ላይ ወይም ከአልጋ ሥር ጊታር ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ አውጧት። አቧራዋን ጥረጉ፤ ቃኟት፤ ለአንድ ወር በየቀኑ ያዟት። በወሩ ውስጥ ጣታችሁ ካልለመዳት በሰፈራችሁ የሚለምዳት ልጅ አለ፤ ፈልጋችሁ ስጡት። ስትሰጡት ግን አንድ አዲስ ክርም ጨምሩለት፤ ክር ተወዷል።